ግማሽ ሰዓት ያለ አንድ ቃል፦ «ሪፊፊ» የተባለው የፈረንሳይ ፊልምና ሰዎቹ



ወደ ጣቢያችን ስትደውሉ ደጋግማችሁ የምትነግሩን ነገር አለ። «ፊልም ማየት እንወዳለን፤ ግን የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው፤ ከታች የሚጻፈው ዕብራይስጥ ደግሞ አንብበን ሳንጨርስ ይጠፋል» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ ዕብራይስጥ በደንብ ለሚያነብም ይፈጥናል። ስለዚህ ዛሬ የመረጥሁላችሁ ፊልም ከመካከሉ ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋው ምንም ንግግር የሌለበት ነው። አንድም ቃል የለም፤ ሙዚቃም የለም። በዚያ ግማሽ ሰዓት እናንተም፣ እኔም፣ ፓሪስ ተወልዶ ያደገው ሰውም እኩል ነን። የቀረውን ለመከታተል እንዲመቻችሁ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። መጨረሻውን አስቀድሞ መስማት የማይወድ ሰው እዚህ ላይ ያቁም። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፊልሙ «ሪፊፊ» ይባላል። በ1955 የወጣ፣ በፓሪስ የተቀረጸ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። «ሪፊፊ» የፓሪስ ወንበዴዎች የእርስ በርስ ቋንቋ ነው፤ በእኛ «አምባጓሮ» ብንለው ይቀርበዋል። በጊዜው ብዙ ፈረንሳዮችም ቃሉን አያውቁትም ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ አንዲት የምሽት ክበብ ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጥታ የቃሉን ትርጉም በዘፈን ታስረዳለች። ታሪኩ የተወሰደው ኦጉስት ለ ብረቶን ጽፎ በ1953 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ቶኒ ከሚባል ሰው ነው። ቶኒ አምስት ዓመት ታስሮ የወጣ፣ የሚያስል፣ ፊቱ የገረጣ፣ በቁማር ያለውን ሁሉ የተበላ ሌባ ነው። ሲታሰር ብቻውን አልሰረቀም ነበር። ጆ የሚባል ወጣት አብሮት ነበረ፤ ቶኒ ግን ስሙን አልተናገረም። ጆ በዚህ ምክንያት ነፃ ቀርቶ ሚስት አለው፣ የአምስት ዓመት ልጅ አለው። የልጁ ስም ቶንዮ ነው፤ በቶኒ ስም የወጣለት፣ ቶኒም የክርስትና አባቱ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ አምስት ዓመት ሙሉ አፉን የዘጋ ሰው ነው።

ጆና ማርዮ የሚባል ጣሊያናዊ ጓደኛው ወደ ቶኒ መጥተው አንድ ሐሳብ ያቀርቡለታል። ሀብታሞች በሚገበዩበት በሩ ደ ላ ፔ ጎዳና ላይ አንድ የታወቀ የጌጣጌጥ መደብር አለ። የመስኮቱን መስታወት በቀን ሰብረን፣ እጃችን የገባውን አፍሰን እንሩጥ ይሉታል። ቶኒ መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ ኋላ ይስማማል፤ ግን መስኮቱን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ካዝናውን ነው። ካዝና የሚከፍት ባለሙያ ከሚላኖ ያስመጣሉ። ስሙ ሴዛር ነው። ሴዛር የማይከፍተው ካዝና የለም፤ ድክመቱ ሴት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ «ሥራ» የምለው በምክንያት ነው። መደብሩን የሚጠብቀው የማስጠንቀቂያ ደወል ትንሽ ንዝረት ወይም ድምፅ ከተሰማው መጮህ ይጀምራል። አራቱ ሰዎች እንደዚያው ያለ ደወል አግኝተው እንደ ተማሪ ያጠኑታል። ይህን ይሞክራሉ፣ ያን ይሞክራሉ፤ ደወሉ ይጮኻል። በመጨረሻ ከእሳት ማጥፊያ የሚወጣው አረፋ ደወሉ ውስጥ ሲሞላ ድምፁ እንደሚታፈን ያገኛሉ። መንገዱንም ያጠናሉ፤ ፖሊስ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ማን ቀድሞ ሱቁን እንደሚከፍት በሰዓት ይመዘግባሉ።

ከዚያ ሌሊቱ ይመጣል። ከመደብሩ በላይ ባለው ቤት ገብተው፣ ያገኟቸውን ሰዎች አስረው፣ ወለሉን መቦርቦር ይጀምራሉ። እግራቸው ላይ ድምፅ የማይሰጥ ለስላሳ ጫማ ነው። መዶሻው በጨርቅ ተጠቅልሏል። መጀመሪያ የሚከፍቱት ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ በእሱ በኩል የታጠፈ ጃንጥላ ወደ ታች ይሰዱና እዚያው አየር ላይ ይዘረጉታል። ከዚያ በኋላ የሚፈርሰው ሲሚንቶና ድንጋይ ሁሉ ጃንጥላው ውስጥ ይጠራቀማል፤ መሬት ላይ የሚወድቅ አንድ ጠጠር የለም። ይህን ሳይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሐሳቡ ቀላልነት ነው፤ ለዝናብ የተሠራውን ዕቃ ገልብጦ ለድንጋይ መጠቀም! አንድ ጊዜ ከመካከላቸው የአንዱ እጅ ሳያስበው ፒያኖ ይነካና አንዲት ድምፅ ትወጣለች። አራቱም ባሉበት ይደርቃሉ። እኛም እንደርቃለን።

በገመድ ይወርዳሉ፤ ደወሉን በአረፋ ይሞሉታል፤ ካዝናውን ቀስ አድርገው ካስተኙት በኋላ ሴዛር በራሱ መሣሪያ ከጀርባው እየዞረ ይቆርጠዋል። ላብ ይታያል። እጅ ይታያል። አንዱ ሲደክመው ሌላው መሣሪያውን ይቀበለዋል፤ በዓይን ብቻ ይግባባሉ። የእጅ ሥራ የምታውቁ ሰዎች፣ አንጥረኛ ወይም ሸማኔ በቤታችሁ የነበረ፣ ይህን ክፍል ከእኔ በተሻለ ታዩታላችሁ ብዬ አምናለሁ። ሥራው ሌብነት ነው፤ አሠራሩ ግን የባለሙያ ነው፤ ፊልሙም ሰዎቹን የሚያከብራቸው በዚህ ብቻ ነው።

ለፊልሙ ሙዚቃ የደረሰው ዦርዥ ኦሪክ የታወቀ ሰው ነበር። ዳይሬክተሩ ኋላ እንደተናገረው፣ ኦሪክ ለዝርፊያው ክፍል ትልቅ ሙዚቃ ጽፎ ነበር። ዳይሬክተሩ ክፍሉን ሁለት ጊዜ አሳየው፤ አንዴ ከሙዚቃው ጋር፣ አንዴ ያለ ሙዚቃው። ኦሪክ አይቶ ሲጨርስ ሙዚቃውን አውጣው አለ። በገዛ ሥራው ላይ እንዲህ የሚፈርድ ሰው ብዙ አይገኝም።

ዝርፊያው በዝርዝር ስለሚታይ በአንዳንድ አገሮች ለሌቦች ትምህርት ይሆናል ተብሎ ተከለከለ። ዳይሬክተሩ ሲመልስ፣ ፊልሜ የሚያሳየው መስረቅ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ነው ይል ነበር።

ተዋናዮቹን ላስተዋውቃችሁ። ቶኒን የሚሠራው ዣን ሰርቬ በ1910 በቤልጂየም፣ በአንትወርፕ ከተማ የተወለደ ነው። በወጣትነቱ ስም ነበረው፤ ከዚያ መጠጥ ሥራውን ጎዳበትና ስሙ ቀዘቀዘ። ይህ ፊልም በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ስለነበር ውድ ተዋናይ መቅጠር አይቻልም ነበር፤ ሰርቬ የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ግን ፊቱን ተመልከቱት። ዓይኖቹ ሥር ያለው ጥላ በቀለም የተሠራ አይመስልም። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ውድ ተዋናይ ቢቀጠር ኖሮ ይህ ፊት አይገኝም ነበር።

ጆን የሚሠራው ካርል ሞነር ኦስትሪያዊ፣ የቪየና ልጅ ነው፤ በኋለኛው ዕድሜው ሠዓሊ ሆነ። ማርዮን የሚሠራው ሮቤር ማኑኤል ደግሞ ኮሜዲ ፍራንሴዝ በተባለው በፈረንሳይ አንጋፋ ቲያትር ቤት የሚሠራ፣ ሰው በማሳቅ የታወቀ ተዋናይ ነበር። እሱና ሚስቱ ኢዳ ፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደስተኞች ናቸው፤ ለዚህም ነው የሚደርስባቸው ነገር ልብ የሚሰብረው።

ዘፋኟን ቪቪያንን የምትሠራው ማጋሊ ኖኤል በ1931 በቱርክ፣ በኢዝሚር ነው የተወለደችው። ኋላ ጣሊያናዊው ፌሊኒ በሦስት ፊልሞቹ አሠርቷታል፤ «አማርኮርድ» የሚለውን ያየ ሰው ቀይ ለብሳ ያስታውሳታል። ከክፉዎቹ ወገን፣ የምሽት ክበቡ ባለቤት የግሩተር ወንድም ሬሚ አለ፤ በሱስ የተያዘ፣ ምላጭ የሚወድ ጨካኝ ልጅ ነው። እሱን የሚሠራው ሮቤር ሆሴን ያኔ 28 ዓመት ገና አልሞላውም ነበር። አባቱ የሙዚቃ ደራሲ፣ እናቱ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣች አይሁዳዊት ተዋናይ ነበረች። ሆሴን ኋላ በፈረንሳይ ትልልቅ የመድረክ ትርኢቶች አዘጋጅ ሆኖ ታወቀ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታየውን «ሌ ሚዜራብል» የተባለውን የሙዚቃ ቲያትር በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ በፓሪስ ያዘጋጀው እሱ ነው። በ2020 የመጨረሻ ቀን በኮሮና ሞተ።

አንድ ሰው ቀረ፤ ካዝና ከፋቹ ሴዛር። በፊልሙ መግቢያ ላይ የተዋናዩ ስም «ፔርሎ ቪታ» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ የሚባል ተዋናይ ግን የለም። ለቦታው የታሰበው ጣሊያናዊ ተዋናይ ሳይመጣ ስለቀረ ዳይሬክተሩ ራሱ ገብቶ ሠራው፤ ስሙንም ደበቀ።

ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን ነው። ስሙን ሲሰሙ ብዙዎች ፈረንሳዊ ይመስላቸዋል። አይደለም። በ1911 በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት የተወለደ፣ ወላጆቹ ከኦዴሳ አካባቢ የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። ያደገው በኒውዮርክ፣ በሃርለም ነው። ሥራ የጀመረውም በይዲሽ ቋንቋ ቲያትር ውስጥ ተዋናይ ሆኖ ነው። ከዚያ ሆሊውድ ገብቶ በ1940ዎቹ የታወቁ ፊልሞች ሠራ።

በወጣትነቱ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር፤ ስታሊን ከሂትለር ጋር ውል በተፈራረመበት በ1939 ፓርቲውን ትቶ ወጣ። ያ ግን አላዳነውም። በአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ተቋቁሞ የፊልም ሰዎችን እየጠራ፣ «አንተ ኮሙኒስት ነበርህ ወይ? ከአንተ ጋር የነበሩትስ እነማን ናቸው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ስም የሰጠ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ያልሰጠ ሥራ አያገኝም። በ1951 ኤድዋርድ ድሚትሪክ የተባለ ዳይሬክተር ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ስሞች ሰጠ። ድሚትሪክ ራሱ ቀደም ሲል አልናገርም ብሎ ታስሮ የወጣ ሰው ነበር። ከሰጣቸው ስሞች አንዱ ዳሲን ነው።

በደርግ ዘመን አገር ቤት የነበረ ሰው «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል እንዳብራራለት አይፈልግም። እዚያ የነበረውና እዚህ የምነግራችሁ በመጠን አይገናኙም፤ አሜሪካ ውስጥ ሰው በዚህ አልተረሸነም። እንጀራው ግን ይዘጋል። ዳሲን ወደ አውሮፓ ሄደ፤ የጥቁር መዝገቡ ጥላ እዚያም ተከተለው። በፈረንሳይ አንድ ፊልም ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው ከአሜሪካ በመጣ ግፊት ከሥራው ተነሣ። ከመጨረሻው ፊልሙ ከ1950 ጀምሮ ለዓመታት ሥራ አልነበረውም፤ ሚስትና ሦስት ልጆች ግን ነበሩት። «ሪፊፊ» የመጣለት በዚህ ጊዜ ነው። ልብ ወለዱን አልወደደውም፤ በተለይ ክፉዎቹ ሁሉ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ሰዎች መሆናቸው ቅር አሰኝቶት ለወጠው። ግን እንጀራ ነውና ተቀበለው። መጽሐፉ ውስጥ ዝርፊያው ጥቂት ገጾች ብቻ ነበር የያዘው፤ ዳሲን የፊልሙ እምብርት አደረገው።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ የፊልሙን ሁለተኛ ክፍል በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። ዝርፊያው ይሳካል፤ 240 ሚሊዮን ፍራንክ የሚያወጣ ጌጥ ይዘው ይወጣሉ። ነገር ግን ሴዛር ከመካከሉ አንድ ቀለበት በኪሱ ሸሽጎ ለዘፋኟ ለቪቪያን ይሰጣል። የክበቡ ባለቤት ግሩተር ቀለበቱን ያያል፤ ወዲያው ይገባዋል። ሴዛርን ይይዙታል፤ ያስፈራሩታል፤ ሴዛርም ይናገራል። ስሙ የተነገረው ማርዮ ነው። ያ ሳቂታ ማርዮና ሚስቱ ኢዳ ጌጡ ያለበትን አንናገርም ብለው ይገደላሉ።

ቶኒ በኋላ ሴዛርን ታስሮ ያገኘዋል። ሴዛር አይዋሽም፤ ፈርቼ ነው፣ ተናግሬያለሁ ይላል። ቶኒ ይወደው ነበር፤ ይህንንም ይነግረዋል፤ ግን የሌቦች ሕግ አለ ብሎ ተኩሶ ይገድለዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ስሙን ሌሎች ሰጥተውበት ከአገሩ የተሰደደ ሰው፣ በገዛ ፊልሙ ውስጥ ስም የሚሰጠውን ሰው ራሱ ይሠራል። ዳሲን ከብዙ ዓመት በኋላ ያን ትዕይንት ሲቀርጽ በአሜሪካ የከዱትን ጓደኞች እያሰበ እንደነበረ ተናግሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን በቀል አለመሆኑ ነው። ሴዛርን ጭራቅ አላደረገውም፤ የፈራ፣ ያፈረ፣ ሰው የሆነ ሰው አድርጎ ነው የሠራው። ፊቱን በደንብ እዩት፤ ይቅርታ እንኳ አይለምንም።

ከካሜራው ጀርባም ሌላ የተደበቀ ስም ያውቅ የነበረ ሰው አለ። የፊልሙን ቤቶችና ክበቦች የሠራው አሌክሳንድር ትሮነር ከቡዳፔስት የመጣ አይሁዳዊ ነው። ናዚዎች ፈረንሳይን በያዙበት ዘመን ተደብቆ፣ በሌሎች ሰዎች ሽፋን ለፊልም ሲሠራ ቆይቷል። በነገራችን ላይ ይህን ፊልም መጀመሪያ ሊሠራ የነበረውም ዣን ፒየር ሜልቪል ነው፤ እሱም አይሁዳዊ፣ «ሜልቪል» የሚለውን ስም ከናዚ ጋር በተደረገው የስውር ትግል የያዘው ሰው። ሜልቪል በ1970 «ለ ሰርክል ሩዥ» የሚል የራሱን የዝርፊያ ፊልም ሠራ፤ በአላን ደሎንና በኢቭ ሞንታን። እዚያም ያለ ንግግር የሚሄድ ረጅም የጌጣጌጥ መደብር ዝርፊያ አለ። «ሪፊፊ»ን ከወደዳችሁ ቀጥሎ እሱን ፈልጉ።

«ሪፊፊ» በ1955 በካን ፌስቲቫል ለዳሲን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አስገኘለት፤ ሽልማቱን የተካፈለው ሶቪየታዊው ሰርጌይ ቫሲሊየቭ ነበር። በዚያው ፌስቲቫል ላይ ከግሪካዊቷ ተዋናይ ከሜሊና መርኩሪ ጋር ተዋወቀ፤ በ1966 ተጋቡ፤ እሷም ኋላ የግሪክ የባህል ሚኒስትር ሆነች። ዳሲን በ1967 ስለ ስድስቱ ቀን ጦርነት ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። በ2008 በአቴንስ በ96 ዓመቱ ሞተ። በፈረንሳይ በጣም የተወደደው ዘፋኝ ጆ ዳሲን ልጁ ነው።

የልጅ ልጆቻችሁ «የድሮ ፊልም አናይም» ቢሏችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው። ዳሲን በ1964 «ቶፕካፒ» የሚል ሌላ የዝርፊያ ፊልም፣ ይኸኛው ቀለም ያለውና የሚያስቅ፣ ሠርቷል፤ ሌባው ከጣሪያ በገመድ ተንጠልጥሎ መሬት ሳይነካ ይሰርቃል። ቶም ክሩዝ «ሚሽን ኢምፖሲብል» ውስጥ በገመድ የሚንጠለጠለው ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ቆይቶ ነው።

ለምታዩት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ቶኒ ማዶ የምትባለውን የቀድሞ ወዳጁን፣ እሱ ታስሮ ሳለ ከግሩተር ጋር ስለሆነች፣ በቀበቶ ይገርፋታል። ካሜራው ፊቱን ያዞራል እንጂ ድምፁ ይሰማል። እኔ ይህን ትዕይንት አልወደውም፤ ልጆች ባሉበትም እንዲታይ አልመክርም። ማዶን የምትሠራው ማሪ ሳቡሬ ናት። ማዶ ኋላ ቶኒን ትረዳዋለች፤ የምትረዳው ግን ስለ ልጁ ነው።

ልጁ ቶንዮን ነው ግሩተሮች የሚሰርቁት፤ ጌጡ የተሸጠበትን 120 ሚሊዮን ፍራንክ ካልሰጣችሁን ብለው። ቶኒ ልጁ ከፓሪስ ውጭ የተደበቀበትን ቤት በማዶ እርዳታ አግኝቶ ሁለቱን ወንድማማቾች ገድሎ ልጁን ያወጣዋል። ጆ ግን ትዕግሥቱ አልቆ ገንዘቡን ይዞ ወደ ግሩተር ሄዶ ኖሮ፣ ቶኒ ሲደርስ ሞቶ ያገኘዋል። ግሩተርንም ይገድለዋል፤ እሱም ይቆስላል።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እንደገና ንግግር የላቸውም ማለት ይቻላል። ቶኒ ደሙ እየፈሰሰ ክፍት መኪና እየነዳ ወደ ፓሪስ ይገሰግሳል። ትንሹ ቶንዮ የካውቦይ ልብስ ለብሶ፣ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ፣ ምንም ሳይገባው መኪናው ላይ ይጫወታል፤ ዛፎቹና ሰማዩ ቶኒ ዓይን ውስጥ ይሽከረከራሉ። ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ መኪናው ይቆማል። እናቱ ሉዊዝ ሮጣ ትመጣና ልጇን አንስታ ትሄዳለች። ፖሊሶችና መንገደኞች መኪናውን ይከቡታል፤ ቶኒ መሪው ላይ ሞቷል፤ ገንዘቡ ያለበት ሻንጣ አጠገቡ ነው።